«ትናንት ሌሊት መትቷል» ሲሏችሁ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብን ራሳችሁ ጠይቁ

በ2017 ጥር መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አጎቴ ከአምበር ደወሉልኝ። ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርሱ «የአባይ በረሃውን ሰማህ ወይ?» አሉኝ። በስልካቸው የደረሳቸው የድምፅ መልእክት ትናንት ሌሊት በደጀንና በአባይ በረሃ መካከል በሬክተር ስኬል 5.9 የሆነ መንቀጥቀጥ እንደደረሰ፣ ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ተብሎ እንደተደበቀ፣ ዛሬ ከዒሻ በኋላ ደግሞ የባሰው እንደሚመጣ ይናገራል። ጎረቤቶቻቸው ሕፃናት ይዘው በዚያ በጎጃም ደጋ የጥር ብርድ ሜዳ ላይ ሊያድሩ ፍራሽ እያወጡ ነበር። አጎቴን ግን ሌላም ነገር አስጨንቋቸዋል። ልጃቸው የሚሠራው መተሐራ ነው። «እሱንስ ልጥራው ወይ?» አሉና ዝም አሉ።

የጠየቁኝ ሁለት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ስልኩን ሳልዘጋ መለስኩላቸው፤ ሁለተኛው እንዲያ ቀላል አልነበረም። መልስ የፈለግሁት ግን ለሁለቱም አንድ ቦታ ነው፦ ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ሊጠይቀው በሚችለው የዓለም የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ። ኮምፒውተር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ተማሪዎች፣ እንዴት እንደሚጠየቅ ብታውቁት ለሰፈራችሁ ትጠቅማላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወሬው ከባዶ የተነሣ እንዳልነበረ መጀመሪያ እናስታውስ። ከመስከረም 2017 አጋማሽ በኋላ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል፣ በአፋር ክልል ጋቢ ረሱ ዞንና በአጎራባቹ የኦሮሚያ ፈንታሌ ወረዳ፣ ምድር ደጋግማ ትንቀጠቀጥ ነበር። መስከረም 26 እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አለፍ ብሎ የደረሰው 4.9 በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ከፎቅ አስወርዷል። ታኅሣሥ 25 በዶፈን አካባቢ እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ ከመሬት እየተፈናጠረ መውጣት ጀመረ። በማግስቱ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሱብሒ ሳይደርስ ደግሞ እስከዚያ ከነበሩት ሁሉ የበረታው መጣ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ተመራማሪዎች በሳተላይት ራዳር መሬቱ ግራና ቀኝ ሲከፈት ተመልክተዋል፤ ቅልጥ አለት ከሥር እየገባ ስንጥቁን ይገፋው ነበር። እንዲህ ባለ ሰሞን አምበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቢፈራ አይገርምም። የጎደለው ድፍረት ሳይሆን የአፋሩ ነገር ከሱ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካበት ነገር ነው።

መዝገቡ «ኮምካት» ይባላል፤ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ነው። ድረ ገጹ ላይ የመፈለጊያ ቅጽ አለ፣ ስልክ ብቻ ያለው ሰው በሱ ሊጠቀም ይችላል። እኔ የምወደው ግን «ሊብኮምካት» የሚባለውን መሣሪያ ነው። ይህ በፓይተን ቋንቋ የተሠራ፣ በዚያው ድርጅት የተዘጋጀ፣ በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት የሚሠራ የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ምስል የለው፣ ካርታ የለው። አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ ሠንጠረዥ ይሰጣችኋል። ጥቅሙ ያ መስመር ተቀምጦ ነገም ሊጠየቅ፣ ለጓደኛም ሊላክ መቻሉ ነው። ጓደኛችሁ ያንኑ መስመር በራሱ ኮምፒውተር ጽፎ ያንኑ መልስ ካገኘ፣ ነገሩ «እገሌ ነገረኝ» ከመሆን ወጣ ማለት ነው።

ፓይተን ያለበት ኮምፒውተር ላይ በተለመደው የፓይተን መጫኛ ይጫናል። ከፕሮግራሞቹ ውስጥ ለእኛ የሚበቃን «ጌትሲኤስቪ» የሚባለው ነው። ትዕዛዙ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደሚነበበው አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀጥሎ ውጤቱ የሚቀመጥበት የፋይል ስም፣ ከዚያ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። «ሰረዝ ኤስ» ከመቼ ጀምሮ፣ «ሰረዝ ኢ» እስከ መቼ፣ «ሰረዝ ኤም» ከስንት እስከ ስንት መጠን፣ «ሰረዝ አር» ከአንድ ነጥብ ዙሪያ በስንት ኪሎ ሜትር ክብ ውስጥ፣ «ሰረዝ ቢ» በአራት መስመር በታጠረ ሳጥን ውስጥ ማለት ናቸው። «ሰረዝ ኤክስ» ከተጨመረበት ዝርዝሩን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ይነግራችኋል። የረሳችሁት ካለ «ሰረዝ ኤች» ብላችሁ ጠይቁት፣ ሁሉንም ይዘረዝራል።

ወደ አጎቴ ጥያቄ እንመለስ። አምበር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ኬክሮሷ 10.3፣ ኬንትሮሷ 37.9 ገደማ ነው። ለዚህ ሥራ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ይበቃል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ ቀጥሎም 100 ኪሎ ሜትር፣ የሦስት ቀን ጊዜ ሰጠሁትና ጠየቅሁ። ደጀንም የአባይ በረሃም በዚያ ክብ ውስጥ ናቸው። መልሱ ባዶ ነበር።

ባዶ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የመልእክቱ ዋና ሐሳብ «ተደብቋል» የሚል ነው። 5.9 የሆነ መንቀጥቀጥ ማዕበሉ በምድር ሆድ ውስጥ አልፎ በሌላው የዓለም ጫፍ ይመዘገባል። በአዲስ አበባ ጫፍ ፉሪ ላይ ያለው ጣቢያ የዓለም አቀፉ መረብ አባል ነው። በኬንያ፣ በጂቡቲ፣ በአውሮፓና በእስያም ጣቢያዎች አሉ፣ ንባባቸውም በቀጥታ ወደ ብዙ ማዕከሎች ይሄዳል። አሜሪካኖቹ ቢዘሉት የጀርመኑ ጂኤፍዜድ ያወጣዋል፤ እሱ ቢዘለው የአውሮፓና ሜዲትራኒያን ማዕከል ያወጣዋል። ለመደበቅ ይህን ሁሉ አገር በአንድ ሌሊት ማስማማት ይጠይቃል። ስለዚህ አጎቴን «የ5.9ኙ ወሬ ውሸት ነው፣ ሕፃናቱን ብርድ አታስመቱ በሏቸው» አልኳቸው።

«ትንሽ ነገር አልነበረም» ግን አላልኩም። መዝገቡ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ አገሮች በሙሉነት የሚይዘው በጥቅሉ ከ4.5 በላይ ያለውን ነው፤ ከዚያ ዝቅ ያለው አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ አይገባም። በ3 ደረጃ ያለ ንዝረት በሰፈር ተሰምቶ በዓለም መዝገብ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ለማወቅ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም የሚከታተለውም ይህንን ነው፤ በዚያ ሰሞን ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲያስረዱ የሰማችኋቸው ከዚያው ተቋም ነው። እንግዲህ ባዶ ሠንጠረዥ ትልቁን ውሸት ያፈርሳል፣ ትንሹን ግን አያስተባብልም።

«ከዒሻ በኋላ ይመጣል» ለሚለው መዝገብ መጠየቅም አያስፈልግም። መዝገብ ያለፈውን ነው የሚጽፈው። ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር መሣሪያም ሆነ ባለሙያ በዓለም ላይ የለም፤ የሩቁን አላህ ያውቃል። ሰዓት የተጠቀሰበት ማስጠንቀቂያ ከደረሳችሁ፣ ሰዓት መጠቀሱ ራሱ ወሬ መሆኑን ይመሰክርበታል።

የመተሐራው ጥያቄ ሌላ ነው። ለሱ ክቡን ትቼ ሳጥን ተጠቀምኩ፦ ኬንትሮስ ከ39.5 እስከ 40.5፣ ኬክሮስ ከ8.5 እስከ 10፣ ከመስከረም 2024 ጀምሮ፣ ከ4 በላይ። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ክቡ የሚፈልገው ኬክሮስን አስቀድሞ ነው፤ ሳጥኑ ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። መሣሪያው ብትሳሳቱም አይቆጣም፣ የጠየቃችሁትን ቦታ ይፈልጋል። የአምበርን ሁለት ቁጥሮች ገልብጣችሁ ብትሰጡት ከቱኒዚያ በስተሰሜን ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወስዳችኋል፤ እዚያ የሚያገኘውን እየቆጠራችሁ «ጎጃም ተናወጠ» ልትሉ ትችላላችሁ። ሌላው፣ መነሻ ቀን ካልሰጣችሁት ያለፉትን 30 ቀናት ብቻ ይፈልጋል። በቦታ ስም መፈለግም አይመከርም። መዝገቡ የአገራችንን ከተሞች የሚጽፈው በራሱ የላቲን አጻጻፍ ነው፣ አንዳንዱ ፊደል ላይ ሰረዝ፣ አንዳንዱ ላይ ጭረት አለ። እናንተ በለመዳችሁት አጻጻፍ ብትፈልጉ ላታገኙት ትችላላችሁ። ቁጥር ግን አያወላውልም።

ከሳጥኑ የወጣው ሠንጠረዥ እንደ አምበሩ ባዶ አልነበረም። የዚያን ወቅት ከመስከረም 2017 እስከ መጋቢት ድረስ ያለውን አሁን ብትጠይቁት ከ4 በላይ የሆነው ብቻ ከመቶ በላይ ነው። ፋይሉ በኤክሴል ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ መንቀጥቀጥ ነው፦ መለያ ቁጥሩ፣ ጊዜው፣ ቦታው፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱ፣ ጥልቀቱ፣ መጠኑ።

ከዓምዶቹ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጊዜው ነው። መዝገቡ የሚጠቀመው የዓለም አቀፉን መደበኛ ሰዓት ነው፤ እኛ ከሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በዚያ ላይ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፣ ይህም 6 ሰዓት ያራርቀናል። ሁለቱን ስታጣምሩት ቀላል ሒሳብ ይወጣል፦ ከመዝገቡ ሰዓት 3 ቀንሱ፣ የቀረው ከ12 ከበለጠ 12 ደግማችሁ ቀንሱ። የታኅሣሥ 26ቱ በመዝገቡ ጥር 4 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. 0 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይላል። ከ24 ሰዓት ጀምራችሁ 3 ስትቀንሱ 21፡52፣ 12 ስትቀንሱ 9፡52 ይሆናል፤ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን 8 ደቂቃ ሲቀረው። በመዝገቡ ቀን የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ በእኛ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት የደረሰ፣ እዚያ ገና በአርብ ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ።

ይህ ለምን ያስጨንቃል ብትሉ፣ «እስከ ጥር 4» ብላችሁ ብትጠይቁ መሣሪያው የሚያቆመው ጥር 4 ሲጀምር፣ በዜሮ ሰዓት ላይ ነው። ያ ትልቁ መንቀጥቀጥ የደረሰው ከዚያ 52 ደቂቃ በኋላ ነው። የፈለጋችሁት ዋናው ነገር ከሠንጠረዡ ይቀርና «ይኸው የለም፣ ውሸት ነበር» ትላላችሁ። እኔም አንድ ጊዜ ልለው ነበር። መጨረሻውን ሁልጊዜ አንድ ቀን ጨምሩበት።

ሌላው መጠኑ ነው። ያንኑ የታኅሣሥ 26 መንቀጥቀጥ አንዱ ዜና 5.5፣ ሌላው 5.7፣ ሌላው 5.8 ብሎት ነበር። ብዙ ሰው «እየተዋሹ ነው» ያለው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ማዕከል የየራሱን ጣቢያዎችና የየራሱን ስሌት ይጠቀማል፤ የመጀመሪያው ቁጥር በደቂቃዎች ውስጥ በማሽን ይወጣል፣ በኋላ ባለሙያ አይቶ ያርመዋል። ከዚሁ ስብስብ «ጌትማግስ» የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ፤ ለአንድ መንቀጥቀጥ መዝገቡ የያዛቸውን የተለያዩ ማዕከሎች ቁጥሮች ጎን ለጎን ያወጣል። የ0.2 ወይም የ0.3 ልዩነት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው። ነገር ግን የአንድ ሙሉ ቁጥር ልዩነት በጉልበት 32 እጥፍ ያህል መሆኑን አትርሱ። በመስከረም አዲስ አበባን ያስወጣው 4.9 እና በየካቲት የመጣው 6 ገደማ፣ ሲሰሙት ቅርብ ለቅርብ ይመስላሉ። በጉልበት ግን ከ40 እጥፍ በላይ ይራራቃሉ።

ጥልቀትን የሚናገረው ዓምድ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ረድፎቹን ስታዩ «10 ኪሎ ሜትር፣ 10 ኪሎ ሜትር፣ 10 ኪሎ ሜትር» እያለ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው የሰው እጅ አለበት፣ ቦምብ ነው፣ ቁፋሮ ነው ቢል አልፈርድበትም፤ ተፈጥሮ እንዲህ አታስተካክልም። እውነቱ ግን፣ በአቅራቢያ በቂ ጣቢያ ከሌለ ጥልቀቱን በትክክል ማስላት ስለማይቻል ባለሙያዎቹ 10 ብለው ይተክሉታል። «ጥልቀት ያልሌለው ነው፣ ልኩን ግን አልለካነውም» ማለት ነው። ቦታውም እንደዚሁ በኪሎ ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ ነጥቡ መንደራችሁ ላይ ወድቆ ብታዩት ከመንደራችሁ ሥር ተነሣ ማለት ላይሆን ይችላል።

ስለ አምበር እንጨርስ። ከአምበር እስከ መተሐራ በቀጥታ መስመር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ካወቃችሁ በወረቀት ታሰሉታላችሁ። የአፋሩ 5.7 አምበር ሲደርስ የቡና ስኒ ቢያንቀጫቅጭ ነው። የአባይ ሸለቆ ጥልቀቱ ቢያስፈራም የስምጥ ሸለቆ አይደለም፤ ወንዙ በዘመናት የቆፈረው ነው። ይህ ማለት ግን የጎጃም ሰው ምንም አይነካውም ማለት አይደለም። ክቡን ወደ 250 ኪሎ ሜትር አስፍታችሁ፣ መነሻውን ወደ 1900 እ.ኤ.አ. ወስዳችሁ፣ ከ6 በላይ ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። በቀጥታ ወደ ምሥራቅ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ መካከል፣ የ1961 እ.ኤ.አ. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ አለላችሁ። በዚያ ክረምት መግቢያ ማጀቴ ፈራርሳለች፣ ካራ ቆሬ ብዙ ቤቶቿን አጥታለች፣ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ተሰንጥቋል። የወሎና የይፋት ሽማግሌዎች ዛሬም ያስታውሱታል። ክቡን ትታችሁ መላ አገሪቱን በሳጥን ብትከቡ ደግሞ በ1906 በስምጥ ሸለቆው የደረሰውንና በ1969 አፋር ውስጥ ሰርዶን ያወደመውን ታገኛላችሁ።

ከመሣሪያ በፊት ያለውን ይህ መዝገብ አይነግራችሁም። ለእሱ ፒየር ጉዌን የሚባሉ ካናዳዊ ቄስ፣ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ የመሠረቱ ሰው፣ ከዜና መዋዕሎችና ከመንገደኞች ማስታወሻ ለቅመው በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመንቀጥቀጥ ታሪክ አለ። ትዕዛዝ ጽፎ የሚገኝ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ የሚነበብ ነው።

አጎቴን «ልጅዎን ይጥሩት» ወይም «ይተዉት» ማለት ከሠንጠረዥ አይወጣም። ያልኳቸው ይህን ነው፦ «ከመስከረም ወዲህ ያለውን አየሁት፤ በኅዳር ጋብ ብሎ ነበር፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ ወዲህ ግን ቁጥሩም መጠኑም ጨምሯል። ያለበት ቦታ መሃሉ ነው። ነገ ይብስ ይቀንስ ማንም አይነግርዎትም። የሚያድርበት ቤት ምን ዓይነት ነው?» ብሎኬት መሆኑን፣ አንዱ ግድግዳ መሰንጠቁን ነገሩኝ። እዚያ ላይ ሠንጠረዡን ዘጋነው። ልጁ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ገባ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የካቲት 7 አርብ ሌሊት፣ የዚያ ሁሉ ወራት ትልቁ መጣ፤ 6 ገደማ። በማግስቱ ሱብሒ እንደተሰገደ አጎቴ ደወሉ። ከልጃቸው ጋር ቀድመው ተነጋግረዋል፣ ደኅና ነው። የደወሉት ለሌላ ነው።

«ሠፈሩ ውስጥ ያለ ተማሪ አወጣልኝ» አሉ። «20፡28 ይላል። 3 ቀነስኩ፣ 17፡28 መጣብኝ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩ?»

«12 ይቀርዎታል፣ ጋሼ።»

«ሌሊት 5፡28። በል እሺ፣ ለጀመዓው ልንገራቸው» ብለው ዘጉት።